ስንዴው የማን ወገን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1927 መጀመሪያ ላይ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል ሩሲያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በጅቡቲ በኩል አድርጎ ኢትዮጵያ ገባ። (ካልጠቀስኩ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) አዲስ አበባ ላይ ራስ ተፈሪ ተቀብለው አነጋገሩት፤ ስለ ሩሲያ አብዮት፣ ስለ ዛሩ ቤተሰብ ዕጣ ደጋግመው ጠየቁት። ሰውዬው ግን ለፖለቲካ አልመጣም። የመጣው ለእህል ነው። በቅሎ አስጭኖ ወደ ሰሜን ወጣ፤ ከየማሳው፣ ከየገበያው፣ ከየጎተራው ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ፣ ኑግ፣ ተልባ፣ ሽንብራ እየዘገነ በትንንሽ ከረጢት እየቋጠረ፣ በላዩም የተገኘበትን ቦታ እየጻፈ በአክሱም በኩል ኤርትራ ደረሰ።

የገረመው ነገር ለኛ የሚገርም አይደለም። አንድ ገበሬ በአንድ እርሻ ላይ ዓይነቱ የበዛ ስንዴ ደባልቆ ይዘራል። ሰርገኛ ጤፍ እንላለን፤ ትግራይ ውስጥ ደግሞ ገብስና ስንዴ ተደባልቆ ሲዘራ ሓንፈጽ ይባላል። ዝናቡ ካጠረ ገብሱ ያወጣል፣ ከበረከተ ስንዴው ይጨምራል። የከተማ ሰው መደባለቁን አይቶ እርሻው አልተበጠረም ሊል ይችላል፤ ቫቪሎቭ ያየው ግን ሌላ ነው። ይህን ያህል ዓይነት በአንድ ቦታ የተከማቸው ምድሪቱ የሰብል መፍለቂያ ብትሆን ነው ብሎ ኢትዮጵያን በዓለም ካሉት ጥቂት የሰብል መነሻ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገበ። ከረጢቶቹም ሌኒንግራድ ውስጥ ወደሚመራው ተቋም ተላኩ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ፕራቭዳ ጋዜጣ ስለ አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ ጻፈ። ስሙ ትሮፊም ሊሴንኮ ነው። የገበሬ ልጅ ነው፤ አዘርባጃን ውስጥ በብርድ ወራት አተር ዘርቶ አብቅሏል ተባለ። ጋዜጣው ባዶ እግሩን የሚሄድ ሊቅ አድርጎ አሞካሸው። የሶቭየት መንግሥት የሚፈልገውም እንዲህ ያለውን ሰው ነበር፦ የነጋዴ ልጅ ያልሆነ፣ የውጭ ቋንቋ የማያበዛ፣ እጁ አፈር የነካ። ቫቪሎቭ የነጋዴ ልጅ ነው።

ሊሴንኮ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። ዘርን አርጥበህ በብርድ ብታቆየው ጠባዩ ይለወጣል፤ የተለወጠው ጠባይ ደግሞ ለልጅ ልጁ ይተላለፋል። የመጀመሪያው አባባል እውነት አለበት፤ ብርድ አንዳንድ ስንዴዎችን ቶሎ ለማሸት እንደሚያነሣሣቸው ከእሱ በፊትም ይታወቅ ነበር። ሁለተኛው ሐሰት ነው። በግ ጭራዋን ስለቆረጥክ ጭራ የሌላት ግልገል አትወልድም። ሆኖም ፓርቲው የወደደው ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ስንዴ በአስተዳደግ ብቻ ዘሩን የሚለውጥ ከሆነ፣ የሰውንም ልጅ በአንድ ትውልድ አዲስ አድርጎ መሥራት ይቻላል ማለት ነው። በዚያ ላይ የቫቪሎቭ ሰዎች አንድ አዲስ ዝርያ ለማውጣት ከአሥር ዓመት በላይ ያስፈልገናል ሲሉ፣ ሊሴንኮ በሁለት ዓመት ተኩል አደርሳለሁ ይል ነበር። የጋራ እርሻው ዘመቻ አገሩን አስርቦታል። ለአለቃ አሥር ዓመት ጠብቅ ማለት እንዴት እንደሚከብድ መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ቫቪሎቭ በነሐሴ 1940 ምዕራብ ዩክሬን ውስጥ እህል እየሰበሰበ ሳለ ተያዘ። በማግስቱ ዓመት ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠለት፤ በጥር 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ ርሃብ የጨረሰው ሰውነቱ አረፈ። በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመኖች ተከብባለች። የተቋሙ ሠራተኞች በሩዝ፣ በስንዴ፣ በለውዝ ከረጢት መካከል ተቀምጠው አንድ ፍሬ ሳይቀምሱ በጠኔ ረገፉ። የሩዙ ኃላፊ ብዙ ሺህ ከረጢት ሩዝ አጠገቡ እያለ ሞተ፤ የለውዙም ኃላፊ እንዲሁ። የዘር ነገር ለገባው አንባቢ ይህ አያደናግርም። የዘር እህል በልቶ የከረመ ገበሬ ምን እንደሚባል አገራችን ታውቃለች።

ሊሴንኮ በነሐሴ 1948 የግብርና አካዳሚው ጉባኤ ላይ ቆሞ፣ ንግግሬን የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ አይቶ አጽድቆታል ብሎ ተናገረ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ክርክሩ በዚያ አበቃ፤ የዘረመል ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ ወጣ፤ መምህራኑ ተባረሩ። እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ የረቂቁ ኅዳግ ነው። ረቂቁን ቀድሞ ያረመው ስታሊን ራሱ ነበር። ሊሴንኮ ሳይንስ ሁሉ የመደብ ነው ብሎ ከጻፈበት ቦታ አጠገብ ስታሊን በእጁ ሳቁን ጽፎ፣ ሒሳብስ? ዳርዊንስ? ብሎ ጠይቋል። የማርክሲዝሙ ሊቀ ካህናት እንኳ ሁለት ሲደመር ሁለት የወዛደር ነው ማለት አላዋጣውም። ይሁንና ስንዴው የወዛደር ሆኖ ቀረ። ቻይናም እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሊሴንኮን ትምህርት ወስዳ ገበሬዎቿን አጠጋግታችሁ ዝሩ፣ አጥልቃችሁ እረሱ ብላ አዘዘች፤ ሚሊዮኖች ከረገፉበት ርሃብ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሆነ።

ይህን ታሪክ ቀኝ ዘመም ጸሐፊዎች አይጠግቡትም። ግራ ዘመም ሰው ሳይንስን ሲይዝ የሚሆነው ይህ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግን የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች። በዚያው በ1930ዎቹ ናዚ ጀርመን ውስጥ ፊሊፕ ሌናርድና ዮሃንስ ሽታርክ፣ ሁለቱም በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ ሰዎች፣ አንጻራዊነት የአይሁድ ፊዚክስ ነው፤ ለኛ የጀርመን ፊዚክስ ያስፈልገናል እያሉ ይሰብኩ ነበር። አንዱ የመደብ ስንዴ፣ ሌላው የዘር ፊዚክስ።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በየካቲት 26 ቀን 2015 የኦክላሆማው ሴናተር ጄምስ ኢንሆፍ ዋሽንግተን ውስጥ በሴኔቱ አዳራሽ ከላስቲክ ከረጢት የበረዶ ድቡልቡል አወጡ። ውጭው ብርድ ነው፤ እንግዲህ ምድር ሞቀች የምትሉ ምን ትላላችሁ አሉና ድቡልቡሉን ወረወሩ። የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ የሚታይበት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበሩ። ያለፈው ዓመት፣ 2014፣ እስከዚያ ድረስ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ መሆኑ ከተነገረ ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነው። አዲስ አበባ ሐምሌ ላይ ስትበርድ ድርቅ የለም እንደማለት ያለ ነገር ነው፤ የሳቀበትም ብዙ ነው። እኔ ግን መሳቁን ትቼ አንድ ሌላ ነገር ማስታወስ እፈልጋለሁ።

ቀኝ ክንፍ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የአሜሪካን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1970 ያቋቋሙት ሪፐብሊካኑ ሪቻርድ ኒክሰን ናቸው። የኦዞን ንጣፍን የሚበሉ ጋዞችን ለማስቀረት በሞንትሪያል የተደረገውን የ1987 ስምምነት አሜሪካ የተቀበለችው በሮናልድ ሬገን ዘመን ነው። በኦክስፎርድ ኬሚስትሪ የተማሩት ማርጋሬት ታቸር በኅዳር 1989 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ቆመው ስለ ምድር መሞቅ ሲያስጠነቅቁ ማንም ግራ ዘመም አላላቸውም። በመካከሉ ሳይንሱ አልተዳከመም፤ ይልቁንም እየጠነከረ ነው የሄደው። የተለወጠው ሒሳቡ ነው። የኦዞኑ ጉዳይ የማቀዝቀዣ ጋዝ በሌላ ጋዝ በመተካት አለቀ። የካርቦኑ ጉዳይ ግን ግብር፣ ቁጥጥር፣ የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ጉድጓድ መዝጋት፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ትእዛዝ ይዞ መጣ። ለገበያ ነጻነት የሚሟገት ሰው ከዚህ ሁሉ ጋር ከመታገል ይልቅ ቴርሞሜትሩን መጠራጠር ቀለለው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ትሮይ ካምቤልና አሮን ኬይ የተባሉ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት ነገሩን ፈትነውት ነበር። ለሪፐብሊካን ደጋፊዎች ስለ ሙቀት መጨመር አንድ ዓይነት የሳይንስ መግለጫ ሰጡ፤ የተለየው ከመግለጫው ጋር የቀረበው መፍትሔ ብቻ ነው። መፍትሔው የመንግሥት ቁጥጥርና ግብር ሲሆን መግለጫውን የተቀበሉት 22 በመቶ ናቸው። መፍትሔው የነጻ ገበያ ሲሆን 55 በመቶ ተቀበሉት። ቴርሞሜትሩ ያው ነው። ቀጥለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጡ፤ ሌባ በሌሊት ቤት ሰብሮ ገብቶ ስለሚያደርሰው ጉዳት። መፍትሔው ሰው ሁሉ ጠመንጃ ይያዝ የሚል ሲሆን፣ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር የሚደግፉት ለዘብተኞች የጉዳቱን መጠን ማሳነስ ጀመሩ።

እንግዲህ የኔ ክርክር ይህ ነው። ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ምን ሆነ? እና ምን ይደረግ? የመጀመሪያው የመለኪያና የማስረጃ ነው፤ ድምፅ አይሰጥበትም። ሁለተኛው የፖለቲካ ነው፤ እዚያ ላይ ሳይንቲስቱ ከሊስትሮው የበለጠ ድምፅ የለውም። በሁለቱም ወገን ያየሁት ፀረ ሳይንስነት ሁለተኛውን ጥያቄ በግልጽ ተከራክሮ ማሸነፍ ሲያቅተው በመጀመሪያው የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜም የሁለተኛው ጥያቄ ቅሬታ እውነተኛ ቅሬታ ነው። አስቸጋሪው እዚያ ላይ ነው።

ዘረመላቸው ስለተለወጠ ሰብሎች በኛ አገር የተደረገውን ክርክር ውሰዱት። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በ2000 የካርታኼናው የሕያዋን ደኅንነት ስምምነት ሲረቀቅ የአፍሪካን ድምፅ ይዘው የተከራከሩ፣ በዚያው ዓመት የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙ ሰው ነበሩ። ይጠይቁት ከነበረው ትልቁ፦ ገበሬው ለሺህ ዓመታት የጠበቀውን ዘር ኩባንያ ጂን ጨምሮበት የኔ ነው ካለ ገበሬው ምን ይሆናል? የሚል ነው። ይህ የምን ይደረግ ጥያቄ ነው፤ ከባድም ተገቢም ጥያቄ ነው፤ ቫቪሎቭ በከረጢት የሰበሰበውን ሀብት ለማን እንተወው እንደማለት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ በጣም ጥብቅ የሆነው በዚህ ስጋት ነው፤ ኋላ ላልቶ በ2018 ተባይ የሚቋቋም ጥጥ እንዲዘራ ተፈቀደ።

ነገር ግን ባለቤቱ ማነው የሚለው ክርክር ሕዝብን ለማነሣሣት አይመችም፤ ሕግ ነው፣ ፓተንት ነው፣ ይሰለቻል። መርዝ ነው ቢባል ግን ሁሉም ይሰማል። ስለዚህ የዓለም ግራ ዘመም እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ ከባለቤትነቱ ወደ መርዝነቱ ዞረ። በ2002 ደቡባዊ አፍሪካ በድርቅ ሲመታ የዛምቢያው ፕሬዚዳንት ሌቪ ምዋናዋሳ ከአሜሪካ የመጣውን ዘረመሉ የተለወጠ የእርዳታ በቆሎ መርዝ ነው ብለው አልቀበልም አሉ፤ በቆሎው መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ ውጭ ሰው ተራበ። ያንኑ በቆሎ አሜሪካውያን በየቀኑ ይበሉት ነበር። ፊሊፒንስ ውስጥም በ2013 ለዓይነ ስውርነት የሚዳርገውን የቫይታሚን ኤ እጥረት ለመቀነስ ዘረመሉ ተለውጦ የተዘጋጀው ወርቃማ ሩዝ የተዘራበትን የሙከራ እርሻ ሰዎች አጥሩን ጥሰው ገብተው ነቀሉት። የሩዙ ዘር ለድኻ ገበሬ በነጻ እንዲሰጥ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የባለቤትነቱ ክርክር እዚያ ላይ ብዙ አቅም አልነበረውም። መርዝነቱ ግን ይበቃ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ታቦ ምቤኪ ያደረጉት ነው።

ሰውዬው ማንበብ የሚወዱ፣ ለነጻነት ትግል የኖሩ፣ ከኔልሰን ማንዴላ በኋላ የአፍሪካን ትንሣኤ የሚሰብኩ መሪ ነበሩ። ቂማቸውም ባዶ አልነበረም። 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች ደቡብ አፍሪካ ርካሽ መድኃኒት እንዳታስገባ የሚከለክል ክስ በ1998 መሥርተው ነበር፤ ዓለም ሲጮህባቸው በሚያዝያ 2001 ተዉት። በዚህ ላይ ስለ አፍሪካውያንና ስለ ኤድስ ይጻፍ የነበረው ዘረኛ ነገር አለ። ምቤኪ ግን ኩባንያዎቹን መዋጋት ትተው ቫይረሱን መካድ ያዙ። ኤድስን የሚያመጣው ኤችአይቪ መሆኑ አልተረጋገጠም፣ ድኽነት ነው የሚሉትን አሜሪካውያን ሰብስበው አማካሪ አደረጉ። በሐምሌ 2000 ደርባን ላይ የዓለም የኤድስ ጉባኤ ሲከፈት ከ5,000 በላይ ሳይንቲስቶች ቫይረሱ ምክንያት ነው የሚል መግለጫ ፈርመው ነበር። በመክፈቻው ሌሊት ኤችአይቪ ይዞት የተወለደው የ11 ዓመቱ ንኮሲ ጆንሰን ከሰውነቱ የሰፋ ኮት ለብሶ፣ መንግሥት ለነፍሰ ጡር እናቶች መድኃኒት እንዲሰጥ ለመነ። በማግስቱ ዓመት ሞተ።

ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚረዳውን ኔቪራፒን አምራቹ በነጻ ልስጥ ብሎ ነበር፤ መንግሥት ከጥቂት የሙከራ ጣቢያዎች በስተቀር አላደርስም አለ። የጤና ሚኒስትሯ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ቀይ ሥር አዘዙ። በሐምሌ 2002 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ መንግሥትን አስገደደው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ስሌት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በመዘግየቱ ከ330,000 በላይ ሰው ያለ ጊዜው ሞቷል።

በነዚያው ዓመታት እኛም ከዚህ የሚቀራረብ ፈተና ነበረብን። ነጻ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ2005 መሰጠት ሲጀምር እንጦጦና ሌሎችም ጸበል ቦታዎች በሕሙማን ተሞልተው ነበር፤ ጸበል የጀመረ ሰው መድኃኒት ቢውጥ እምነት ማጉደል ነው እየተባለ ብዙዎች አቋረጡ። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አንዱ አንዱን አይቃወምም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ስለ ቫይረሱ ክርክር አላነሡም። እምነትህን ጥለህ ና አላሉም። ጸበሉን ለጸበል፣ ክኒኑን ለክኒን ተዉት። ሁሉም ሰማቸው ባልልም፣ ከአንድ ኢኮኖሚክስ ከተማረ ርዕሰ ብሔር ይልቅ አንድ ጳጳስ ለሳይንስ የተሻለ ጥብቅና ቆመው አይቻለሁ።

የግራና የቀኙ ድንበር ምን ያህል እንደሚያንስ በዓይኔ ያየሁት ግን በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ክትባት አዲስ አበባ በገባ ሰሞን ነው። አክስቴ ጋ ቡና ተፈልቷል። እትዬ ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ግፊቷን በክኒን፣ ጉንፋኗን በዳማከሴ፣ የቀረውን በፌጦ ትይዛለች። ስልኩ ጮኸ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው አለችኝ፤ ጆሮዋ ደክሟል። ከሜሪላንድ የወንድሟ ልጅ ነው።

«እትዬ፣ አደራ እንዳይወጉ! የአውሬው ምልክት ነው። እዚህ ፓስተሩ በማስረጃ ነው ያሳየን።»

ሦስተኛው ቡና ሳይቀዳ ከሽቱትጋርት የእህቷ ልጅ ደወለች። ይቺ ሥጋ አትበላም፤ ሳሙናዋ እንኳ ከዕፅዋት የተሠራ ነው፤ ዛፍ ሊቆረጥ ነው ከተባለ ሰልፍ ትወጣለች።

«እትዬ፣ እንዳይወጉ። የመድኃኒት ኩባንያዎች ትርፍ ነው የሚያሯሩጣቸው። ሰውነት በተፈጥሮ ራሱን ይጠብቃል።»

ሁለቱ የአክስት የአጎት ልጆች በፖለቲካ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ቀን ብቻ ተስማሙ። እትዬ ስልኩን ዘግታ ፍንጃሉን አነሣችና፣ «እነዚህ ልጆች እዚያ ሆነው ይጣላሉ እንጂ ለእኔስ አንድ ቃል ነው ያላቸው» አለች። ከሳምንት በኋላ ተወጋች። ያሳመናት ማን ነው ስላት ቀበሌው ውስጥ የምትዞረውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠቀሰችልኝ፤ «የልጅ ልጄን ፖሊዮ ስታጠጣ የማውቃት ናት» ብላ። ስለ ክትባቱ አሠራር አንድም ነገር አልጠየቀቻትም።

የሽቱትጋርቷ ነገር የእኛ ቤት ገጠመኝ ብቻ አልነበረም። የኮሮና ገደቦችን የሚቃወመው ክቬርዴንከን የተባለው የጀርመን ንቅናቄ የተነሣው ከዚያችው ከተማ ነው፤ የባዝል ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ምሁራን በ2020 ተቃዋሚዎቹን ጠይቀው ሲያጠኑ፣ መልስ ከሰጡት መካከል ቀደም ባለው ምርጫ አረንጓዴውን ፓርቲ የመረጡት ከቀኝ አክራሪው ፓርቲ መራጮች ይበልጡ ነበር። በመንገድ ላይ ግን የሰላም ባንዲራና የቀድሞው የጀርመን ንጉሣዊ መንግሥት ባንዲራ ጎን ለጎን ተውለበለቡ።

አሜሪካ ውስጥም እንዲሁ። ክትባት መፍራት ከአሥር ዓመት በፊት ስሙ የሚነሣው ከሀብታሞቹ ለዘብተኛ የካሊፎርኒያ ሰፈሮች ጋር ነበር። በታኅሣሥ 2014 ዲዝኒላንድ መዝናኛ ውስጥ ኩፍኝ ሲነሣ የግዛቲቱ ምክር ቤት ክትባትን በግል እምነት ማስቀረትን በማግስቱ ዓመት ከለከለ። ሮበርት ኬኔዲ ታናሹ የዚያ ዓለም ሰው ናቸው፤ የታወቀ የዴሞክራት ቤተሰብ ልጅ፣ ወንዝ የሚበክሉ ፋብሪካዎችን ሲከሱ የኖሩ ጠበቃ። ስለ ክትባት የሚሉት ከሃያ ዓመት ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው የሚያጨበጭብላቸው ወገን ነው። በነሐሴ 2024 ዶናልድ ትራምፕን ደገፉ፤ በየካቲት 2025 የጤና ሚኒስትር ሆኑ፤ በሰኔ የክትባት አማካሪ ኮሚቴውን 17 አባላት በሙሉ አሰናበቱ። በዚያው ዓመት ቴክሳስ ውስጥ በተነሣ የኩፍኝ ወረርሽኝ ያልተከተቡ ሁለት ሕፃናት ሞቱ።

ስለዚህ ግራውም ቀኙም እኩል ነው ብሎ መደምደም ይቀናል፤ ለጸሐፊም ይመቻል፤ ማንም አይቀየምም። እኔ አልልም። ዋናው ልዩነት የሚያስተባብለው ሰው ማኅተም መያዝና አለመያዙ ነው። የሽቱትጋርቷ የእህት ልጅ እና የፓስተሩ ተከታይ የሚጎዱት በአብዛኛው ራሳቸውንና የሚሰማቸውን ዘመድ ነው። ሊሴንኮ፣ ምቤኪ፣ ምዋናዋሳ የያዙት ግን መንግሥት ነው። በአሁኑ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ማኅተሙ ያለው በቀኙ እጅ ነው፤ የአየር ንብረቱንም የክትባቱንም ክህደት መሥሪያ ቤት ገብቶ የሚፈርመው እሱ ነው። በ1948 ሞስኮ ላይ የግራው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ማን እንደሚይዘው ከወዲሁ የሚምል ካለ ከእኔ ይልቅ ደፋር ነው።

ማኅተም የያዘ ክህደት ደግሞ ድንበር አያውቅም። ይህን ለማየት ናይጄሪያ፣ ካኖ መሄድ ይበቃል።

በ1996 ካኖ ውስጥ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በበረታበት ሰዓት ፋይዘር ትሮቫን የተባለ አዲስ መድኃኒት በሕፃናት ላይ ሞከረ፤ በሙከራው ከነበሩት 11 ሞቱ፤ ቤተሰቦቻቸው በቅጡ ሳይነገረን ነው ብለው ለዓመታት ተካሰሱ፤ ኩባንያው በ2009 ለካኖ ግዛት 75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ይህ ቁስል ሳይሽር ነው በ2003 የፖሊዮ ጠብታ በየቤቱ ሲዞር፣ መካን ሊያደርጉን ነው የሚለው ወሬ የተነሣው። ወሬውን ካነሡት ዋነኛው ራሳቸው ሐኪም ነበሩ። የካኖ አገረ ገዥ ክትባቱን ለአሥራ አንድ ወር ያህል አስቆሙ። ግራ ነው ቀኝ? የሃይማኖት ወግ አጥባቂነትም ነበረበት፤ የምዕራባውያንን ኃያልነት መቃወምም ነበረበት። ቫይረሱ አልጠየቀም። ከሰሜን ናይጄሪያ ተነሥቶ በቻድና በሱዳን አድርጎ፣ ለዓመታት ከፖሊዮ ነጻ ሆና በቆየችው ኢትዮጵያ በ2004 መጨረሻ ላይ ትግራይ ውስጥ ተገኘ። በማግስቱ ዓመት የክትባት ሠራተኞች ያችን ትንሽ ሣጥን በትከሻቸው አንግበው ከቤት ወደ ቤት ዞሩ፤ በየበሩ በጠመኔ ቁጥር ጻፉ፤ በየልጁ ጣት ቀለም ነኩ። እትዬ የምታውቃት ልጅ ሥራውን ያገኘችው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይታ ነው፤ ጠመኔው ግን ያው ነው።

ካኖ ክትባቱን መልሳ የጀመረችው በሐምሌ 2004 ነው። ያሳመናቸው ተጨማሪ ምርምር አልነበረም። ጠብታው የሙስሊም አገር ከሆነችው ከኢንዶኔዢያ፣ ምዕራብ ጃቫ ውስጥ ካለችው የባንዱንግ ከተማ ፋብሪካ እንዲመጣ ስለተስማሙ ነው። በውስጡ ያለው ጠብታ ከቀድሞው የተለየ አልነበረም። እስከዚያ ግን ቫይረሱ ከካኖ ወጥቶ በቀይ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ነበር፤ በ2005 ኢንዶኔዢያ ገባ። መጀመሪያ የተገኘው እዚያው ምዕራብ ጃቫ ውስጥ፣ ከባንዱንግ ብዙም በማይርቅ መንደር በአንድ ሕፃን እግር ላይ ነው።